የወንድሜ ካልኩሌተር እና ሰባት ሰባት ቁጥሮች



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ ካልኩሌተር ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላልና ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ውስጡ ትንሽ ሒሳብ አለ፣ ትንሽ ማሽን አለ፤ ከሁሉም በላይ ግን ለእናቴ የነገርኳትና 17 ዓመት ሙሉ ያላስተካከልኩት አንድ ውሸት አለ። ሒሳብ የሚሰለቻችሁ ካላችሁ ታገሱኝ። ያለ ሒሳቡ ውሸቱን ማስተካከል አልችልም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከአጎታችን ቤተሰብ ጋር ወደ አሜሪካ ሲሄድ እኔ ገና የምታዘል ሕፃን ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃ የተማረው ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ነው። በ1994 ዓ.ም. ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ደሴ መጣ። ለመጨረሻ ጊዜም እሱ ሆነ። ለኔ ጫማ፣ ለእናቴ ሻሽና ሽቶ አምጥቶ ነበር። ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ከቦርሳው አንድ ጥቁር፣ ቁልፍ የበዛበት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ ነገር አወጣ። ትምህርት ቤት ሲጠቀምበት የነበረው ካልኩሌተር ነው።

«እማ፣ ስናፍቅሽ ይህን ክፈቺ» አላት።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ቁጥር ግን ታውቃለች፤ ገበያ ውላ የምትገባ ሴት ናት። ስለዚህ ወንድሜ ቁልፎቹ ላይ ትንንሽ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ጻፈባቸው። ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ትጫናለች። እንዲያ ስታደርግ ግራጫው ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይወጣል። ያኔ የ5 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። የማስታውሰው ጥቁር ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ሲወጡና እናቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ ነው።

በዓመቱ ወንድሜ እዚያው ታሞ ሞተ። አላህ ይዘንለት። የተቀበረው ቨርጂኒያ ነው። እናቴ መቃብሩን አላየችም። በየዒዱ፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ ሳጥኗን ከፍታ ያንን ነገር ታወጣና 1፣ 2፣ 3፣ 3 ትጫናለች። እኔ ፊደል ሳልለይ ባትሪው አለቀ። ከዚያ በኋላ በሻሿ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ1998 ዓ.ም. 9 ዓመቴ ነበር። የዒድ ብር አጠራቅሜ አራት ትንንሽ ባትሪ ገዛሁ። እናቴን ላስደስት ብዬ ነው፤ ወላሂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ገበያ በሄደችበት ሳጥኗን ከፈትኩ። የካልኩሌተሩን ጀርባ ስከፍት አራቱን ያለቁ ባትሪዎች አገኘሁ። አወጣኋቸው። እዚያው አጠገብ በሌላ ክዳን ስር እንደ ሳንቲም ያለች አንዲት ክብ ባትሪ አለች። «እሷም አርጅታ ይሆናል፣ ልጥረጋት» ብዬ እሷንም አወጣኋት። በሸሚዜ ጠራርጌ መለስኳት። አዲሶቹን አስገባሁ። ማሽኑ ተነሣ! ግን ስክሪኑ ላይ የወጣችው የማስታወሻው ይዘት መጥፋቱን የምትናገር አንዲት አጭር የእንግሊዝኛ መስመር ነበረች። 1፣ 2፣ 3፣ 3 ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ባዶ።

እናቴ ስትመለስ «እማ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኳት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት አላልኩም። «አይ፣ እሱም ዕድሜው ነው» ብላ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኑ ሲከፈት ከክፍሉ እወጣ ነበር።

ምን እንደሠራሁ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ስማር ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለው። አንዱ ራም ይባላል። ተጠቃሚው የሚጽፈው ፕሮግራም፣ የሚያስቀምጠው ቁጥርና ስዕል እዚያ ነው የሚገባው። ኤሌክትሪክ እስካለ ብቻ ያስታውሳል። ሌላው ሮም ይባላል። ፋብሪካው አንድ ጊዜ የጻፈበት ነው፤ ባትሪ ኖረም አልኖረም አይጠፋም። ቁርኣን ቤት የቀራችሁ ልጆች በቀላሉ ይገባችኋል። ራም ማለት ሎህ ነው፤ የተጻፈበት በውኃ ይታጠባል። ሮም ደግሞ በቃል የተያዘው ነው፤ ሎሁ ቢታጠብም እሱ ይቀራል። ያቺ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሥራዋ ትልልቆቹ ሲያልቁ ወይም ሲቀየሩ ራሙን መጠበቅ ነበር። እኔ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አወጣኋቸው። ሎሁን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ዓመታት አለፉ። በ2015 ዓ.ም. ቤት ስናድስ ዕቃ ማውጣት ነበረብን። ከአልጋ ስር አንድ ሻንጣ ወጣ። ወንድሜ ሲሞት የላኩልን የልብሱ ሻንጣ ነው። እናቴ ተቀብላ አስቀምጣው ነበር እንጂ ከፍታው አታውቅም። «አንተ ክፈተው» አለችኝ። ሹራቡን፣ መስገጃውን፣ ሁለት የትምህርት ቤት መጽሐፎቹን አወጣሁ። ከስር አንድ ደብተር ነበረ።

ደብተሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አለ፤ ከፊደሉ ቀጥሎ ሰባት ቁጥሮች። ከመጀመሪያው ፊደል ከኤ ተነሥቶ እስከ ፒ ይደርሳል። 16 ፊደል ነው፤ በ7 ሲባዛ 112 ቁጥር። ከዚያ ይቆማል። ብዙ ባዶ ገጽ አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ፊደል የሌላቸው ሰባት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት ቁጥር። ከጥጉ ላይ ሻይ ፈሶበታል።

ማታ ቁጭ ብዬ ቁጥሮቹን አየኋቸው። መጀመሪያ የገረመኝ ከ31 የሚበልጥ ቁጥር አንድም አለመኖሩ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው 31ን ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። 16 ሲደመር 8 ሲደመር 4 ሲደመር 2 ሲደመር 1 ማለት ነው። አምስት መብራቶች በአንድ መስመር ተደርድረው ሁሉም ሲበሩ 31 ይሆናሉ፤ ሁሉም ሲጠፉ 0። ቀጥሎ ኤች የሚለውን ፊደል መስመር ተመለከትኩ፦ 17፣ 17፣ 17፣ 31፣ 17፣ 17፣ 17። ወረቀት ላይ ሣልኩት፦

■□□□■ 17
■□□□■ 17
■□□□■ 17
■■■■■ 31
■□□□■ 17
■□□□■ 17
■□□□■ 17

ኤች! እንዳለ ኤች! ኤል የሚለውን ደግሞ ስሣለው ስድስት ጊዜ 16፣ መጨረሻ ላይ 31 ነው። ግራው ላይ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ከታች ወለል። ስለዚህ 16 ማለት በግራ ጫፍ ያለው ነጥብ ነው። ወንድሜ የካልኩሌተሩን ፊደላት ከስክሪኑ ላይ ነጥብ በነጥብ እየለቀመ በቁጥር ጽፏቸዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ ትንሽ ልንገራችሁ። ስሙ ቲአይ-83 ይባላል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ነው። ግራፍ የሚሥል ካልኩሌተር መሸጥ የጀመረው ካሲዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ኤፍኤክስ-7000ጂ በሚባለው ሞዴሉ። አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ግን የቲአይ ማሽኖች የሒሳብ ክፍል የዘወትር ዕቃ ሆኑ። ውስጡ ያለው ዚ80 የሚባል ፕሮሰሰር ነው፤ ፍጥነቱ 6 ሜጋ ኸርዝ። ራሙ 32 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። በስልካችሁ የምታነሡት አንድ ፎቶ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስክሪኑ ወደ ጎን 96፣ ወደ ታች 64 ነጥብ አለው፤ በድምሩ 6144 ነጥብ። አንድ ነጥብ ወይ ጥቁር ነው ወይ ባዶ፤ መሐል ቤት የለም።

በዚህ ስክሪን ላይ 8 መስመር ይጻፋል፤ በየመስመሩ 16 ፊደል። አስሉት፦ 96ን ለ16 ስናካፍል 6፣ 64ን ለ8 ስናካፍል 8። እያንዳንዱ ፊደል 6 በ8 የሆነች ክፍል ተሰጥቶታል። ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጣበቅ አንድ ዓምድና አንድ ረድፍ ባዶ ሲተው ለፊደሉ የሚቀረው 5 በ7 ነው። 35 ነጥብ! በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው ሁሉም ፊደል የሚኖረው። ቅርጻቸው የተጻፈው ሮሙ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኔ በ9 ዓመቴ ያጠብኩት የወንድሜን ጽሑፍ ነው እንጂ የማሽኑን ፊደላት አይደለም። እነሱ ዛሬም እዚያው አሉ።

ይህን ሳስብ አንድ ነገር ተመኘሁ። ወንድሜ ፒ ላይ ቆሟል። ከሱ በኋላ ያሉትን 10 ፊደላትና 10 ቁጥሮች እኔ ልጨርስለት። ደግሞም ደብተሩ ላይ ያለው በእርግጥ ከዚህ ማሽን የተወሰደ መሆኑን ሳላረጋግጥ ወደ መጨረሻው ገጽ መሄድ ፈራሁ።

እናቴን «ካልኩሌተሩን ልየው?» አልኳት። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አውጥታ ሰጠችኝ። ቁልፎቹ ላይ ያሉት ፕላስተሮች ቢጫ ሆነዋል። 1፣ 2፣ 3 ግን ይነበባሉ። ባትሪ አስገብቼ ስከፍተው ስክሪኑ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል እንጂ ይሠራል። አልሐምዱሊላህ።

አንድ ጓደኛዬ ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ። «ምን አደከመህ? የማሽኑ ሮም እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ተጭኖ አለ። አውርደህ በኮምፒውተር ክፈተው፤ ፊደሉን በአንድ ደቂቃ ታገኘዋለህ» አለኝ። አልተስማማኝም። የዚያ ሮም ባለቤት ኩባንያው ነው፤ ሳይፈቅድ የተጫነ ከሆነ የሰው ሐቅ ነው። ከዚያም በላይ ግን ፊደሉን ማግኘት ብቻ አልነበረም የፈለግኩት። ወንድሜ በሄደበት መንገድ መሄድ ፈልጌ ነበር። እሱ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ገመድ አልነበረውም፤ ቢኖረው ኖሮ በእጁ 112 ቁጥር አይጽፍም። እኔም የለኝም።

ታዲያ ያለ ገመድ እንዴት ይቻላል? መልሱ ማሽኑ ራሱ ውስጥ አለ። ቲአይ-83 ላይ በራሱ ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል። ከትእዛዞቹ መሐል ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው «ቴክስት» ይባላል፤ በግራፉ ስክሪን ላይ በፈለጋችሁት ቦታ ፊደል ይጽፋል። ሁለተኛው «ፒክስል ቴስት» ነው፤ የአንድን ነጥብ ረድፍና ዓምድ ስትነግሩት ነጥቡ ጥቁር ከሆነ 1፣ ባዶ ከሆነ 0 ይመልሳል። ማሽኑ በአንድ እጁ ይጽፋል፣ በሌላው እጁ የጻፈውን ይዳስሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ ግራፉን አጸዳለሁ፤ የኤክስና የዋይ መስመሮችንም አጠፋለሁ፤ አለበለዚያ መስመሩ የፊደሉ አካል መስሎ ይቆጠራል። ቀጥሎ ጥግ ላይ አንድ ፊደል እጽፋለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ረድፍ በረድፍ ይሄዳል። በየረድፉ ከዜሮ ይነሣና ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ነጥብ ባየ ቁጥር የያዘውን በ2 አባዝቶ ያገኘውን 1 ወይም 0 ይደምርበታል። ለምሳሌ ጥቁር፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ፣ ጥቁር ከሆነ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 17 እያለ ይሄዳል። 17! የኤች እግሮች። ሰባቱን ረድፍ ሲጨርስ ሰባቱን ቁጥር ያሳየኛል፤ እኔ ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ወደሚቀጥለው ፊደል።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልሆነም። ኤችን ጻፍኩና አስለቀምኩት፤ የወጡት ቁጥሮች ከወንድሜ ጋር አይገናኙም። ኤልም አይገናኝም። ልቤ ዝቅ አለ። «ይህ ደብተር የሌላ ማሽን ነው» ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ስክሪኑን ጠጋ ብዬ ሳየው ፊደሉ ራሱ ትንሽ ነው። ለካ ቲአይ-83 ሁለት ዓይነት ፊደል አለው። «ቴክስት» በግራፉ ላይ ሲጽፍ የሚጠቀመው ትንሹን ነው፤ እሱ ደግሞ አንዱ ጠበብ፣ አንዱ ሰፋ የሚል ነው። ሁለት ቀን ስፈልግ ቆይቼ ዘዴውን አገኘሁ። ከረድፉና ከዓምዱ በፊት ነጋቲቭ 1 ከተጨመረ «ቴክስት» ትልቁን ፊደል ይጽፋል። ያቺን ጨምሬ ኤችን ደግሜ አስለቀምኩ።

17፣ 17፣ 17፣ 31፣ 17፣ 17፣ 17።

መግሪብ አዛን እየተባለ ነበር። ደብተሩ በግራዬ፣ ማሽኑ በቀኜ። ወንድሜ ከሃያ ዓመት በፊት በእጁ የጻፈውን ያው ማሽን መልሶ ነገረኝ። ተነሥቼ ውዱእ ለማድረግ ስሄድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት የቀሩትን 20 ለቀምኩ። 140 ቁጥር ነው። ወንድሜ ፒ ላይ ካቆመበት ቀጥዬ፣ እሱ የጻፈበት ደብተር ላይ፣ የሱን አጻጻፍ ተከትዬ ጻፍኩ። ባዶዎቹ ገጾች የቀሩት ለኔ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ።

የመጀመሪያው መስመር የትኛውንም የእንግሊዝኛ ፊደል አይመስልም። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ 10፣ 21፣ 21፣ 11፣ 1፣ 1፣ 1። ሣልኩት፦

□■□■□ 10
■□■□■ 21
■□■□■ 21
□■□■■ 11
□□□□■ 1
□□□□■ 1
□□□□■ 1

ሁለት ቀለበት፣ ከቀኙ ቀለበት የሚወርድ አንድ ረጅም እግር። «ማ»!

ወንድሜ የእንግሊዝኛውን ፊደል የለቀመው ለካ እንዴት እንደተሠራ ለመማር ነው። ልኩን፣ ክፍተቱን፣ ውፍረቱን ካወቀ በኋላ በዚያው 5 በ7 ቤት ውስጥ የራሳችንን ፊደል መሥራት ጀመረ። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለእናቱ ሲል ፊደል ይቀርጽ ነበር።

ሞክሩት፤ ቀላል አይደለም። «በ» ይገባል። «ሀ» ይገባል፤ ግን ከእንግሊዝኛው ዩ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። «ዐ»ም ከኦ አይለይም። ሌሎቹ ደግሞ እግር፣ ቀለበት፣ ቀንበር አላቸው፤ በአምስት ነጥብ ስፋት ውስጥ ይጨናነቃሉ። ዋናው 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እያንዳንዱ 7 ቁጥር ቢይዝ 1617 ቁጥር። እሱ የሠራው ሰባት ፊደል ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ያን ያህል ነበር።

አንድ በአንድ ሣልኳቸው። እ። ማ። ደ። ህ። ና። ነ። ሰባተኛው ላይ ቆምኩ።

ሻዩ የፈሰሰው እዚያ ላይ ነው። ከሰባቱ ቁጥሮች የመጀመሪያው አይነበብም። የቀሩት ስድስቱ ጥርት ብለው አሉ፤ ሲሣሉ የ«ን» ቅርጽ ነው። ነገር ግን «ን» እና «ኝ» የሚለያዩት በምንድን ነው? ከላይ ባለችው አግዳሚ ቀንበር ብቻ! የመጀመሪያው ረድፍ 0 ከሆነ «ን» ነው፤ ነጥብ ካለበት «ኝ» ነው። የጠፋችው ቁጥር ደግሞ እሷው ናት።

«እማ ደህና ነን» ወይስ «እማ ደህና ነኝ»?

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሌሊት ያሳሰበኝ የጠፋችው ቁጥር አልነበረችም። ሰይጣን ሌላ ነገር ይነግረኝ ነበር። «ቁጥሮቹን ማሽኑ ውስጥ አስገባ፤ ነጥቦቹን የሚያጠቁር ፕሮግራም ጻፍ፤ ነገ ለእናትህ 'ጠገንኩልሽ' በላት። ትደሰታለች። ማን ያውቃል? ማንበብም አትችልም፤ ነን ይሁን ነኝ ለሷ ምን ለውጥ አለው?» ቀላል ነበር። ውሸቱ በሌላ ውሸት ተሸፍኖ፣ ያውም ተመስግኜ፣ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ሱብሒ ከሰገድን በኋላ እናቴ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ያ ማሽን ያኔ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። ስለ ባትሪዎቹ ነገርኳት፣ ስለዚያች ክብ ባትሪም ነገርኳት። አፉ በይኝ አልኳት።

ቡናውን ማማሰል አቆመች። ብዙ ዝም አለች። ትስቃለች ወይም «ልጅ ነበርክ» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም።

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?» አለች። «እኔ እኮ ልጄ የተወልኝ ነገር በራሱ ጊዜ ያለቀ መሰለኝ። ያን ቀን ሁለተኛ ቀበርኩት።»

ይህን ስትል መሬት ብትከፈት በገባሁ ነበር። ማሽኑን ማጥፋቴ የልጅ ስሕተት ነው። ዝምታዬ ግን የልጅ ስሕተት ሆኖ አልቀረም፤ በ15 ዓመቴም፣ በ20 ዓመቴም፣ በ25 ዓመቴም ዝም ብያለሁ። እናቴ በየዒዱ ያቺን ጥቅል ሻሽ እያየች የተከፋችውን ሁሉ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላስቀረው እችል ነበር።

ቡናው ሊያር ሲል አወረደችው። ከዚያ «አፉ ብዬሃለሁ» አለች።

ደብተሩን አመጣሁ። ስለ ነጥቦቹ አሳየኋት፤ «ማ»ን በጣቷ ተከትላ አየችው። ከዚያ ጠየቅኳት፦ «እማ፣ ያ ጽሑፍ ምን ይል ነበር?»

ደንገጥ ብላ አየችኝ። «አታውቅም እንዴ? እማ ደህና ነን ነዋ! ሲሰጠኝ እኮ አንብቦልኛል። ስልክ ሲደውልም እንዲያ ነበር የሚለው። 'ደህና ነን' ሲለኝ 'እዚያ ብቻህን ሆነህ ነን የምትለው ከማን ጋር ነው?' እያልኩ እስቅበት ነበር።»

ወላሂ ምን እንደምል አጣሁ። እኔ ምስጢር ስፈታ ከርሜያለሁ። 49 ቁጥር፣ ሁለት ሳምንት ልፋት። እሷ ግን ሙሉውን በልቧ ይዛዋለች። አንድ ቀን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ያልጠየቅኳት ስለፈራሁ ነው፤ የፈራሁት ስለዋሸሁ ነው። ሎሁ ቢታጠብም በቃል የያዘ ሰው አለ ብዬ እናንተን ከላይ ያስተማርኩት እኔ፣ ቤቴ ውስጥ ያለችውን ሐፊዝ አላየሁም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ቁጥሮቹን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። በዚህ ማሽን አንድ ዝርዝር እስከ 999 ቁጥር ይይዛል፤ 49 ምንም አይደለም። ፕሮግራሙ በግልባጭ ይሠራል፤ ቁጥሩን ወደ ነጥብ ይፈታዋል፣ ነጥቡን ያጠቁረዋል። በሻይ እድፉ ቦታ 0 አስገባሁ። ባዶ ረድፍ፣ ቀንበር የሌለው «ን»።

ለእናቴ ሰጠኋት። በቢጫዎቹ ፕላስተሮች ላይ ጣቷን እያሳረፈች 1፣ 2፣ 3፣ 3 ተጫነች። ማሽኑ ዘገምተኛ ነው፤ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ነው የወጡት። እስኪያልቅ ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ምን እንዳለች አልጽፍም። እሱ የሷ ነው።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛው ተግባራዊ ነው። ቤታችሁ ውስጥ የወላጅ ወይም የሞተ ዘመድ አሮጌ ዕቃ ካለ፣ ስልክ ይሁን፣ ካሴት ይሁን፣ ካልኩሌተር ይሁን፣ ሳታውቁ ባትሪ አታውጡ፣ «ሪሴት» አትበሉ። እንደ ቲአይ-83 ባሉት ማሽኖች አራቱን ባትሪ ስትቀይሩ ክቧን አትንኩ፤ ክቧን ስትቀይሩ አራቱ ደህና ይሁኑ። ውስጡ ያለውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። እኔ አሁን እነዚያን 49 ቁጥሮች ሦስት ቦታ ጽፌያቸዋለሁ፤ አንዱ በወረቀት ነው። ወረቀት ባትሪ አይፈልግም።

ሁለተኛው ይህ ነው። ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ፣ ለማንም ቢሆን ያልተናገራችሁት ትንሽ ጥፋት ካለ ዛሬ ተናገሩ። ጥፋቱ ትንሽ ሆኖ አይቆይም፤ እናንተ ዝም ባላችሁበት ዓመት ልክ ሌላው ሰው ይከፍልበታል። እናቴ አፉ ብላኛለች፣ አልሐምዱሊላህ። 17 ዓመቱን ግን ማንም አይመልስላትም።

ለወንድሜ በዱዓችሁ አትርሱት። ሰላም ሁኑ።